ያንበረከከኝ ያስነሣኝ

እናቷ በዕድሜዋ አንድም ቀን ቲያትር ቤት ገብታ አታውቅም። ልጅቷ ደግሞ ከቲያትር ወጥታ አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተውኔት ሥነ ጽሑፍ ታስተምራለች፤ ዶክትሬቷን የሠራችውም መድረክ ላይ ስለሚታዩ ድሆች ነው። ገረዷ ለምን ሁልጊዜ እንደምትደናቀፍ፣ ዘበኛው ለምን ቃል እያጣመመ እንደሚናገር፣ ልብስ አጣቢዋ ለምን በመጨረሻው ገቢር ከሰው እግር ሥር እንደምትወድቅ ስትመረምር ወጣትነቷን ጨርሳለች። ያረጁ የተውኔት ጽሑፎችን ከአቧራ አውጥታ አንብባለች፤ ጡረታ የወጡ ተዋንያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠይቃለች።

«የተንበረከከው ማን ነው? ለማን? የሳቀውስ?» ትላለች ክፍል በገባች ቁጥር። ከዚህ የተነሣ ተማሪዎቿ «ዶክተር ጉልበት» የሚል ስም አወጡላት። ስትሰማ አልተቆጣችም። ጉልበት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ የሚታጠፈው፣ ሌላው እንዳይታጠፍ የሚያደርገው። ሁለተኛውን ከማን እንደወረሰች ታውቃለች።

እናቷ ልብስ ተኳሽ ናት። ላውንድሪዋ በአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር ነው። ከፊት ደንበኛ የሚቀበሉበት ባንኮኒ፣ ከኋላው የመተኮሻ ጠረጴዛው፣ ከመጋረጃው ወዲያ እናትና ልጅ የሚኖሩባት ክፍል። ባሏ ቀድሟት ከሞተ ወዲህ ልጇን ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ የዶክተር ካባ ያስለበሰችው በካውያ ነው። የሰፈሩ ሰው «እመት ካውያ» ይላታል። እጇ ሥራ አይፈታም፤ አፏ ደግሞ ከእጇ አያንስም።

«ምን ለብሼ ልሂድ?» አለች በዚያ እሑድ ጠዋት።

«የፈለግሽውን ልበሺ እማዬ። ቲያትር እኮ ነው፣ ፍርድ ቤት አይደለም።»

«አይ ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልብስ ተኩሼ እኔ ተጨማድጄ ብሄድ ጠላቴ ምን ይለኛል? ደሞስ የልጁ ቲያትር ነው። የልጁ ከሆነ የእኛም አይደል?»

«ልጁ» ያለችው ደራሲውን ነው። የከተማውን ግማሽ የሠራው ብረትና ሲሚንቶ ከአባቱ መጋዘን የወጣ የሀብታም ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጅቷ የሕዝብ ንግግር ስታደርግ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ «የድሃ ሰው ሳቅ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብሎ ጠየቃት። አዳራሹ ሳቀበት። እሷ አልሳቀችም። «መጀመሪያ አብሮት በመቀመጥ» ብላ መለሰችለት። ልጁም ቃሏን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዘው። በሳምንቱ ሸሚዝ ይዞ ላውንድሪው መጣ። በሌላው ሳምንት ሸሚዝ ሳይዝ መጣ። ከዚያ በኋላ ባንኮኒው አጠገብ ያለችው በርጩማ የእሱ ሆነች። እመት ካውያ እየተኮሰች ታወራለች፣ እሱ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ያዳምጣል። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ የተማሪ ወረቀት እያረመች የሁለቱን ሳቅ ስትሰማ፣ ከዚህ የበለጠ ፍቅር የት አለ ትል ነበር።

እሱ ቤት ግን የሄደችው አንድ ቀን ብቻ ነው። እናቱ ከላይ እስከ ታች አይታት «እናትሽ ምን ይሠራሉ?» አለቻት። «ልብስ ይተኩሳሉ» አለች፣ ድምጿን ሳታሳንስ። ሴትዮዋ «ሥራ ሁሉ ክቡር ነው» አለች፤ አባባሏ ለበሽተኛ እግዜር ይማርሽ እንደሚባለው ዓይነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ደራሲው «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» እያለ የጋብቻቸውን ነገር ሲያሳድር ከረመ። በመጨረሻ የመጀመሪያ ተውኔቱን ጻፈ፤ ወጪውን አባቱ ቻለ። «የሰርጉ ሸሚዝ» ይባላል። የጻፈውን ሁሉ ከማንም በፊት የምታነበው እሷ ሆና ሳለ ይህን አላስነበባትም።

«ይህን መድረክ ላይ ነው ማየት ያለብሽ» አላት። «እማማንም ይዘሻቸው ነይ።»

*

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የደራሲው አባትና እናት ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል፤ እሱ በመካከላቸው። እናትና ልጅ ከመካከል ረድፍ ቦታቸውን ሲይዙ ዞሮ አያቸው። ዓይኑ ከልጅቷ ዓይን ጋር ገጠመና ወዲያው ሸሸ። ፍርሃት ነው አለች በልቧ፤ የመጀመሪያ ተውኔቱ አይደል? አዘነችለት።

መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የመተኮሻ ጠረጴዛ ቆሟል። እናቷ በክርኗ ጎሸመቻት። «አንቺ! የኛ ቤት!» አለች እንደ ሕፃን ልጅ። ዕድሜ የጠገበች ታዋቂ ተዋናይት ቀሚሷ ሥር ትራስ ታስሮላት፣ ወገቧን ወዲያና ወዲህ እየጣለች ገባች።

«ሰው በአንገትጌው ይታወቃል!» አለች ተዋናይቷ። «ፊቱንማ ታጥቦ ይመጣል፤ አንገትጌውን ግን ረስቶት ይመጣል!»

አዳራሹ ፈነዳ። እመት ካውያም ከሁሉ ጋር ሳቀች፤ እጇን አጨበጨበች። «እውነቷን እኮ ነው!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ቃሉን ታውቀዋለች። ቀጥሎ የመጣውንም ታውቀዋለች። የእናቷ ቃል ከእናቷ አፍ እንደወጣ፣ ትንፋሹ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ መድረኩ ላይ ይወድቃል፤ በወደቀ ቁጥር ሰው ይስቃል። እናቷም ትስቃለች፣ ግን ሳቋ እያጠረ፣ ጭብጨባዋ እየቀዘቀዘ ሄደ።

በሁለተኛው ገቢር የሸሚዙ ነገር መጣ። እመት ካውያ ባሏ የሞተ ዕለት፣ ማንም ሳያዛት፣ የሚቀበርበትን ሸሚዝ በገዛ እጇ ተኩሳ ነበር። ዕንባዋ ዓይኗን ጋርዷት በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌ አቃጠለች። ይህን የምታውቀው ልጇ ብቻ ነበረች። በኋላ አንድ ሌላ ሰው ጨመረች፤ በርጩማው ላይ ለተቀመጠው ልጅ ነገረችው። ተዋናይቷ አሁን ጭስ የሚወጣውን እጅጌ ወደ ሕዝቡ ዘርግታ «ምን ላድርግ! ሰውዬዬ መንግሥተ ሰማያት በእጅጌ ጉርድ ይግባ!» አለች። ከፊት ረድፍ ያሉት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

እናቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ተኳሿ ወደ ሀብታሙ ቤት ሄደች። «ልጄን ለልጅሽ ውሰጂልኝ!» እያለች እመቤቲቱ እግር ሥር ተንበረከከች፤ ትራሱ ከወገቧ እየተንሸራተተ፣ ጫማዋን ይዛ ሳመች። እመቤቲቱ እግሯን ስትስብ ተኳሿ በጉልበቷ እየዳኸች ተከተለቻት፤ መድረኩን ዞሩት። ሰው ሁሉ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ።

በዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል እናቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«መቼ ነው የተንበረከክሁት?» አለቻት ቀስ ብላ። ቀጥላም «ረስቼው ይሆን እንዴ?» አለች።

ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያጠናችው ነገር በእናቷ ላይ ሲደርስ አጠገቧ ቁጭ ብላ እያየች ነበር።

*

መጋረጃው ሲዘጋ አዘጋጁ መድረክ ላይ ወጣ። አንገቱ ላይ ሻርፕ የማይለየው፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ሰው ነው። አስቀድሞ ሁለት ቃል እንድትናገር ጠይቋት፣ እሺ ብላው ነበር። «አሁን ስለ ተውኔት ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም! ዶክተር፣ ይምጡልን!» አለ።

ወጣች።

«ደራሲው ጆሮ አለው» አለች። «እንዲህ ያለ ጆሮ አይቼ አላውቅም። የሰማውን አንዲት ቃል ሳያጎድል ይዞ መጥቷል። ቃሉ የማን እንደሆነ ግን አልነገራችሁም።»

አዘጋጁ ፈገግ እንዳለ ቀረ።

«በሦስተኛው ገቢር ሴትዮዋ ተንበረከከች። ለምን? ሥራዬ ነውና ምክንያቱን ፈለግሁ። ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች ሴት ተነሥታ የሰው ጫማ የምትስምበት ምክንያት ተውኔቱ ውስጥ የለም። ተውኔቱ ውስጥ ከሌለ የት ነው ያለው? ፊት ወንበር ላይ ነው! ፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው ድሃ ሲዳኽ ካላየ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ስለዚህ ይዳኽለታል። እኔ ይህን ለዓመታት በወረቀት ሳጠና ኖርኩ። ዛሬ ግን ወረቀት አይደለም። ያቺ ሴት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ተነሺና ይዩሽ አልላትም፤ ዛሬ ያለ ፈቃዷ ብዙ ነገር ሆናለች። እናንተ ግን ቤታችሁ ስትገቡ የሸሚዛችሁን አንገትጌ እዩት። ማን እንዳጠራላችሁ ጠይቁ!»

የደራሲው እናት ቦርሳዋን ከፍታ የማይገኝ ነገር ትፈልጋለች። ደራሲው ፊቱ አመድ መስሎ ከወንበሩ ተነሣ። ልጅቷ ይናገራል አለች በልቧ። አሁን ይናገራል።

አባቱ ቀና ብሎ አየው።

ደራሲው መልሶ ተቀመጠ።

ከሳቁ ሁሉ፣ ከዳኸችው ተዋናይትም በላይ፣ ያ መቀመጥ እንደ ጦር ወጋት።

ሰው መውጣት ሲጀምር ደራሲው መውጫው ደረጃ ላይ ደረሰባት። እናቷ ቀድማ ወርዳ፣ ከመንገዱ ዳር ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ስሚኝ! መጨረሻውን እኔ አይደለሁም ያሰብኩት። አዘጋጁ ነው። ሳቅ ይጎድለዋል፣ ያለሱ አላወጣውም አለ።»

«ስምህ እላዩ ላይ አይደለም እንዴ?»

«እኔ እማማን ስለምወዳቸው ነው የጻፍኳቸው! ሰው ሁሉ እንዲወዳቸው ብዬ ነው!»

«ወደድካት? የወደዱትን ሰው ነው እንዲህ ለገበያ የሚያወጡት?» ድምጿ ደረጃውን ሞላው፤ የሚወርደው ሰው እየዞረ አያት፤ ደንታም አልሰጣት። «አባቴን የቀበረችበትን ሸሚዝ! አባቴን አንተ አታውቀውም። እኔም በደንብ አላውቀውም። እኔና እሷ ከእሱ የቀረን ያ ታሪክ ነበር። አብረህ ተቀመጥ አልኩህ እንጂ ተቀምጠህ ስረቅ አልኩህ?»

እጁን ዘረጋ። እጇን ከፍ አድርጋ ከለከለችው።

«ይሁን፣ ጻፍክ። ይሁን፣ ፈራህ። አሁን ግን ቆመህ ነበር። አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ለምን ተቀመጥክ?»

አልመለሰላትም። የጠላችው ስላልመለሰ አልነበረም። ዝም ባለው ፊቱ ላይ አሁንም የምትወደውን ሰው ስላየች ነው።

*

ከዚያን ቀን ወዲህ እመት ካውያ ዝም አለች።

ትተኩሳለች፣ ታጥፋለች፣ የገንዘብ መልስ ትሰጣለች፤ ግን አታወራም። ደንበኛ እንደ ወትሮው «ዛሬስ አንገትጌዬ ምን ይላል?» ብሎ ሊቀልድ ሲሞክር አንገቷን ታቀረቅራለች። ልጇ «እማዬ ምን ሆነሻል?» ስትላት «ምን እላለሁ ብለሽ ነው? በተናገርኩ ቁጥር የምትናገረው ተዋናይቷ ትመስለኛለች» አለቻት። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ትራሷን ነከሰች። ሰው ገንዘብ ቢሰርቅ በሕግ ይጠየቃል፤ የእናትን ጨዋታ ከአፏ የቀማ የት ይከሰሳል?

ተውኔቱ ደግሞ ሠመረ። ሰው ይጋፋል፣ ጋዜጣ ያሞግሳል። አንድ የሥራ ባልደረባዋ «ንግግርሽ ትንሽ ስሜታዊ ነበር፤ ምሁር እኮ ከጥናቱ ርቆ መቆም አለበት» አላት። «አንተ እናትህን ከምን ያህል ርቀት ነው የምታያት?» አለችው። ሁለተኛ አላናገራትም፤ እሷንም አልናፈቃትም።

ስልኩን ስለማታነሣለት ደራሲው ደብዳቤ ጻፈ። ረጅም፣ ያማረ ደብዳቤ። አነበበችውና ቀይ እስክሪብቶዋን አነሣች፤ እንደ ተማሪ ወረቀት አርማ መለሰችለት። ከግርጌው እንዲህ ጻፈች፦ «‹ይቅርታ› የሚለው ቃል በየመስመሩ አለ። የተሠራው ጥፋት ግን አንድም ቦታ ላይ አልተጠቀሰም። ባለታሪኩ ስለ ራሱ ሥቃይ እንጂ ስለ በደለው ሰው አያወራም። እንደገና ይጻፍ። ደግሞም አድራሻው ተሳስቷል፤ የተበደለችው እኔ አይደለሁም።»

ፖስታውን ስታሽግ አላመነታችም። ከላከችው በኋላ ግን ፊደሉን፣ ያንን ወደ ግራ የሚያጋድል ፊደሉን፣ ድጋሚ ሳታየው በመላኳ ተንሰፈሰፈች። በዚህም በራሷ ተናደደች።

*

ደብዳቤው በደረሰው ማግስት ከሰዓት በኋላ ደራሲው ላውንድሪው በር ላይ ቆመ። ሁለት ደንበኞች ባንኮኒው ላይ ተደግፈዋል። ልጅቷ ከመጋረጃው ብቅ አለችና ባለችበት ቀረች።

«ሸሚዝ አምጥተህ ነው?» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል።

«አይደለም እማማ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው።»

«ምን አድርገህ?»

ደራሲው ደንበኞቹን አየ። እንዲወጡ የጠበቀ ይመስላል። አልወጡም። እዚያው ፊታቸው ተናገረ።

«የነገሩኝን ሁሉ ቤቴ እየሄድኩ ስጽፈው ነበር። አላስፈቀድኩዎትም። የባለቤትዎን ሸሚዝ ነገር ለሰው መሣቂያ ሰጠሁት። መንበርከኩ ደግሞ ውሸት ነው። አዘጋጁ ሲያመጣው አይሆንም ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። አባቴን ፈራሁ። ልጅዎ ስትናገርም አባቴን ፈርቼ ተቀመጥኩ።»

እመት ካውያ ካውያዋን ማስቀመጫው ላይ አቆመችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው።

«ስማ አንተ ልጅ። ሳቁ አልከፋኝም። ሰው ይሳቅ፤ እኔም ስቄያለሁ። የሰውዬዬን ነገር ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ፤ ከእሱ ጋር ተነጋገሩ። መንበርከኬ ግን…» ጣቷን ቀሰረችበት። «ሰውዬዬ ታሞ ሐኪም ቤት ደጅ ስጠና አልተንበረከክሁም። ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት አንቀበልም ሲሉኝ አልተንበረከክሁም። በራቸው ላይ ቆምኩ፤ ቆሜ ዋልኩ እንጂ! ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ስዳኽ አየኝ። እነሱን የት አገኛቸዋለሁ? ቤት ለቤት እየዞርኩ ‹እኔ አይደለሁም› ልበል?»

«እማማ…»

«ያንበረከከኝ ያስነሣኝ። ሌላ የምነግርህ የለኝም።» ካውያዋን አነሣች። «ዞር በልልኝ፤ ደንበኛ ቆሟል።»

ሲወጣ ልጅቷን ዞሮ አላያትም፤ የሚያይበት ፊት ያጣ ይመስል። ቁጣዋ ውስጥ የሆነ ነገር ተላወሰ፤ ርኅራኄ እንዳይሆን ፈርታ መጋረጃውን ዘጋችው።

*

ቅዳሜ ተማሪዎቿን ይዛ የከሰዓቱን ትርኢት ለማየት ገባች። ያን ነገር ድጋሚ ማየት ሬት ሬት ቢላትም «በሽታ የሚያጠና ሐኪም ከበሽተኛ አይሸሽም» ብላ ራሷን ጎተተች። ከኋላ ረድፍ ተቀመጡ። የደራሲው አባት የንግድ ወዳጆቹን አምጥቶ የፊቱን ረድፍ ሞልቶታል። ደራሲው ከመካከላቸው አልነበረም።

ሳቁ ያው ነበር። ትራሱ፣ ጭሱ፣ እጅጌው። ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ተዋናይቷ ተንበረከከች፤ ጫማውን ያዘች፤ አዳራሹ መንጫጫት ጀመረ። ያኔ ከመድረኩ ጥግ አንድ ሰው ወጣ። ተዋናይ አይመስልም፤ ኮቱ ተጨማዷል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው አያውቅም። ሰው የተውኔቱ ክፍል መስሎት ይበልጥ ሳቀ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ከኋላ ወደ ፊት እየሞተ መጣ።

«ይህቺን ሴት ከሕይወት ነው የወሰድኳት፤ ሳልጠይቃት። በሕይወቷ ለማንም ተንበርክካ አታውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም ፊት የተቀመጡት ደስ እንዲላቸው ነው። ፊት ከተቀመጡት አንዱ አባቴ ነው።» ወደ ፊት ረድፍ ዞረ። «አባባ፣ ይቅርታ። ግን አልተንበረከከችም።»

«መጋረጃ! መጋረጃውን ዝጋው!» ይላል አዘጋጁ ከጎን፣ በሹክሹክታ ይሁን በጩኸት በማይለይ ድምፅ። ደራሲው ጎንበስ ብሎ ተዋናይቷን ሊያነሣት እጁን ዘረጋ። አሮጊቷ እጁን ገፋችው።

«ተወኝ፤ ራሴ እነሣለሁ!» አለች። «ለነገሩ በየትርኢቱ ስንበረከክ ጉልበቴም አልቋል።»

ሰው ሳቀ። ይኼኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር፤ ልጅቷ ልዩነቱን ለማወቅ ዶክትሬት አላስፈለጋትም። ተዋናይቷ ተነሣች። ከቀሚሷ ሥር ትራሱን መዘዘችና እመቤቲቱን ለምትጫወተው ወጣት አስታቀፈቻት። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች፤ «መጀመሪያ የተጻፈው፣ በልምምድ የተሰረዘው ይኼ ነው!» አለችና ቃሉን ከልቧ አውጥታ ተናገረችው።

«ልጅሽ ልጄን ከፈለገ ቤቴን ያውቀዋል። እኔ ልጄን አልለምንባትም፣ አልለምንላትም። ቆሜ አሳድጌያታለሁ፣ ቆሜ እድራታለሁ!»

መጋረጃው ወደቀ።

ግማሹ አዳራሽ ያጨበጭባል፣ ግማሹ «ገንዘባችንን መልሱ!» ይላል። የደራሲው አባት ኮፍያውን አንሥቶ ማንንም ሳያይ ወጣ። ተማሪዎቿ ወንበር ላይ ወጥተው ያፏጫሉ። ልጅቷ አላጨበጨበችም፣ አላፏጨችም። ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ከዕንባዋ ጋር ንዴቷም አብሮ ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ ከመጀመሪያው ሊሆን ይችል ነበር እኮ! ቃሉ ተጽፎ ነበር!

*

በተዋንያን መግቢያ በኩል ዞራ ሄደች። ደራሲው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አንዱ የኮቱ ኪስ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ አዘጋጁ ሲያስወጣው ነው። ሲያያት ተነሣ።

«አንቺ እዚህ ነበርሽ?»

«ያንን ቃል መጀመሪያ ጽፈኸው ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ቀን ደረጃው ላይ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጽፎ የሰረዘ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?» አለ። «ጭራሽ ካልጻፈው የባሰ ነው።»

ይህን መልስ አልጠበቀችውም። ከደብዳቤው ሁሉ ይህ ይሻል ነበር። መንገዱ ላይ የአባቱ መኪና በአጠገባቸው አለፈ፤ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ደራሲው መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኑ ሸኘው። ከእንግዲህ የአባቱን ቤት እንደማይረግጥ ሁለቱም አወቁ።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ነገም እናደዳለሁ። አይለቀኝም።»

«ነገም እመጣለሁ።»

«የምትመጣው እኔ ጋ አይደለም። ቀድመህ የምትሄድበት አለህ።» ብላ መንገድ ጀመረች። ጎን ለጎን ሄዱ፤ ሳይነካኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መኪና ሲያልፍ፣ የተንጠለጠለውን ኪሱን ይዛ ወደ ዳር ሳበችው። ወዲያው ለቀቀችው፤ ጣቷ ግን ተቃጠለ።

ላውንድሪው ሲደርሱ እመት ካውያ ብቻዋን ነበረች። ልጅቷ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። እናቷ ካውያዋን እንደያዘች፣ ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«እና ተነሣሁ?» አለች።

«ተነሣሽ እማዬ።»

«እሱ ነው ያስነሣኝ?»

«እጁን ዘርግቶልሽ ነበር። ገፍተሽው ራስሽ ተነሣሽ።»

የእመት ካውያ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጅቷ የምታለቅስ መስሏት ልትይዛት ተጠጋች። እናቷ እየሳቀች ነበር።

«ገፋሁት? ታዲያስ! አሁን ገና እኔ መሆኔን አመንኩ!» ወደ ደራሲው ዞረች። «አንተስ ምን ተገትረሃል? ከቤትህ አባረሩህ አይደል? ፊትህ ይናገራል። አውልቅ ያንን ኮት። እንዲህ ተጨማድዶ ከአባት ጋር ይጣሉበታል? ሰው የሚጣላው እንኳ ተተኩሶ ነው! ኪሱንም እሰፋልሃለሁ፤ ይቅር ብዬህ ግን እንዳይመስልህ፤ ዓይኔን ስለሚያስጠላኝ ነው። ምን ታየኛለህ? ደግሞ ይቺን ሄደህ ጻፋትና ጉድህ ይፈላል!»

ደራሲው ኮቱን እያወለቀ ዕንባው በአፍንጫው ወረደ፤ «አልጽፍም እማማ» ማለት እንኳ አቃተው። እመት ካውያ ትናገራለች፤ የሳምንታት ዝምታዋን የምታካክስ ይመስል ቃል በቃል ላይ ትደርባለች። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ንዴቷ እንዳለ ነበር። ከጎኑ ግን ፍቅሯም ቦታ ይጠይቅ ጀመር። እናቷን ላለማቋረጥ ባለችበት ሆና ታዳምጣለች።